ጠዋት 12፣ ማታ 12፦ ዳማ ከስኳር በሽታ ጋር የኖረችባቸው 22 ወራት

ደብረ ብርሃን ኅዳር ላይ ውርጭ ሲወርድ፣ ውጭ ያደረ ውሃ ጠዋት ረግቶ ይገኛል። የዳማ ባለቤት መጀመሪያ የነገሩኝም ይህንኑ ነበር፤ ውሻቸው ሌሊት እየተነሳች በሳህኗ ላይ የረጋውን በረዶ በጥርሷ እየሰበረች ከሥሩ ያለውን ውሃ ትጠጣለች። «እኛ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበን እየተንቀጠቀጥን፣ እሷ ውሃ አልጠግብ አለች። በዚህ ብርድ ማንን ውሃ ይጠማል ልጄ?» አሉኝ።

እማማ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ከልጃቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ልጁ ያኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ ባብዛኛው በግና ላም ነው። በሰሜን ሸዋ እኛ ባለሙያዎች ስለ ውሻ ስንነጋገር የምናነሳው ክትባትን ነው፤ ለሰው ብለን፣ ለከብቱ ብለን፣ መንዝ ላይ ደግሞ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ላሉት ቀይ ቀበሮዎች ብለን። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ከተሻገረ፣ ከጥቂቱ ብዙውን ይጨርሳልና። ስላረጀ ውሻ የዕድሜ ልክ በሽታ ግን ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ያጠፋሁትንም ጭምር።

ዳማ ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። የአገር ውሻ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከጠጉሯ ቀለም ነው። የእብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ ትወስዳለች፤ ካርዷ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ እማማ ጋ ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት ስትከተብ 24 ኪሎ ነበረች፤ ኅዳር ላይ 19 ሆና መጣች። የምግብ ፍላጎቷ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ብሶባታል። እየበላ የሚከሳ እንስሳ ሳይ እጄ ቶሎ የሚሄደው ወደ ትል መድኃኒት ነው፤ በበግ የለመድኩት ያ ነው። የትል መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ሦስት ሳምንት በዚህ ባከነ።

ሲመለሱ 18 ኪሎ ሆናለች። እማማ ወንበር ላይ ሳይቀመጡ፣ «ባለቤቴንም እንዲህ አድርጎ ነው የጀመራቸው። ሽንቷን ለምን አናይም?» አሉኝ። ባለቤታቸው ከማረፋቸው በፊት ለብዙ ዓመታት በስኳር በሽታ ታክመዋል። የውሃ ጥሙን፣ የሽንቱን ብዛት፣ እየበሉ መክሳቱን እማማ ከቤታቸው ያውቁታል። ምርመራውን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ያረጋገጥኩት ብቻ ነኝ። ለሰው በሚያገለግለው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ስኳሩ እስከ መጨረሻው ቀለም ሄደ፤ ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው ኪቶንም ትንሽ ነበረው። ከጆሮዋ ጠርዝ በጠብታ ደም ስንለካ 438 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወጣ። በውሻ ከ180 እስከ 220 አካባቢ ካለፈ ኩላሊት ስኳሩን መያዝ አቅቶት በሽንት ይለቀዋል፤ ስኳሩ ውሃውን ይዞ ይወጣል። በረዶ የሚያስሰብራት ጥም የመጣው ከዚህ ነው።

እማማ ቤታቸው የቀረ የባለቤታቸው የስኳር ክኒን እንደነበረ አስታውሰው፣ እሱን መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። አይቻልም። ውሻን የሚይዘው የስኳር በሽታ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ሲያቅተው የሚመጣ ነው፤ ክኒን አያነሳውም። የኢንሱሊን መርፌ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ከምግብ ጋር፣ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ።

ልጁ እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር። «የሰው መድኃኒት ለውሻ ይሆናል?» አለ። መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ የተገኘው በውሻ ነው አልኩት። እ.ኤ.አ. በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ቆሽቷ የወጣ ውሻ በስኳር እንደምትታመም አዩ፤ በ1921 ባንቲንግና ቤስት ቶሮንቶ ላይ ከውሻ ቆሽት ያወጡትን ፈሳሽ ስኳር ለያዛቸው ውሾች ወግተው ስኳራቸው ሲወርድ አዩ፤ በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ለሰው ተሰጠ። የውሻ ኢንሱሊን ከሰው ኢንሱሊን የሚለየውም በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ልጁ ዳማን ዘወር ብሎ አያት፤ ከዚያ በኋላ መርፌውን ማን ይወጋል የሚል ጥያቄ አልተነሳም።

እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነበር። ኢንሱሊን አንዳንድ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ይጠፋል። ሰው ሊያጣው የሚችለውን መድኃኒት ለውሻ ማዘዝ ተገቢ ነው ወይ? ይህን ለእማማ በግልጽ ነገርኳቸው። እሳቸውም ባለቤታቸው መድኃኒት ያጡበትን ሳምንት ስለሚያስታውሱ አልተቆጡኝም። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ በጤና ጣቢያ በነፃም ሆነ በጤና መድን የሚሰጠውን አንነካም፤ በግል መድኃኒት ቤት በገንዘባቸው ይገዛሉ፤ ከአንድ የተከፈተና ከአንድ የመጠባበቂያ ብልቃጥ በላይ ቤት ውስጥ አይኖርም፤ መድኃኒት ቤቱ «ለሰውም አላዳረስኩም» ካለ ደግሞ እንተወዋለን። እኔ አሁንም በዚህ አቋም ነኝ።

ደመናማ መልክ ያለውን፣ ኤን ፒ ኤች የሚባለውን ኢንሱሊን ለኪሎዋ ሩብ ዩኒት ሒሳብ አድርገን በ4 ዩኒት ጀመርን። ልጁን ከትከሻዋ በስተኋላ ቆዳዋን ቆንጥጦ በማንሳት መውጋት፣ ብልቃጡን ሳይንጥ በመዳፉ መሃል ማንከባለል፣ መርፌው ላይ ያሉትን መስመሮች መቁጠር አስተማርኩት። ሰዓቱን የመረጡት እማማ ናቸው፦ ጠዋት 12 እና ማታ 12። ልጁ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ነው፤ እሳቸውም እሑድ ቅዳሴ ቢሄዱ ልጁ አለ። ሌላ ነገር ሁሉ ቢቀያየር እነዚህ ሁለት ሰዓቶች አይቀየሩም ተባባልን። መመዝገቢያ ብለው ያመጡት የባለቤታቸውን ደብተር ነው፤ ግማሹ በባለቤታቸው እጅ በተጻፉ የስኳር ቁጥሮች የተሞላ ነው። ቀሪው ገጽ ለዳማ ሆነ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 5 ዩኒት ወጣን። ቀኑን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ስንለካ ዝቅተኛው 130፣ ከፍተኛው 260 ግድም መጣ። የሰው መለኪያ በውሻ ደም ትንሽ ዝቅ አድርጎ እንደሚያነብ ባውቅም፣ ይህ ለመኖር የሚያስችል ቁጥር ነው። ሌሊት መጠጣቷ ቀነሰ። ገና ሲደርስ ጎኗ መሙላት ጀምሮ ነበር።

ከገና በኋላ ቁጥሩ ወደ ላይ ተነሳ፤ 350፣ 390። ወደ 6 አወጣሁት፤ አልወረደም። ወደ 8 አወጣሁት፤ ትንሽ ወረደ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት በስልክ ነው፤ ያን ሰሞን ገጠር ነበርኩ። ብልቃጡን አላየሁም።

የጥምቀት ዋዜማ፣ የከተራ ዕለት፣ የተከፈተው ብልቃጥ ስድስት ሳምንት ስለሞላው ልጁ አዲሱን ከፈተ። እንደ አምራቹ ይለያያል እንጂ ከተከፈተ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው የሚቆየው፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ማታ 8 ዩኒት ወጋ፤ ጠዋትም 8።

ጥምቀት ነው። ታቦት ለማየት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል፤ የግቢው በር ክፍት ነው። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ዳማ እየተንገዳገደች መንገድ ላይ ወጣች። አፏ አረፋ ይዟል፤ የኋላ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል፤ ሰው ሲጠራትም አታውቅም። በመጨረሻ ወድቃ ተንቀጠቀጠች። አንዱ «አበደች!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ዱላና ድንጋይ ያነሳ ሰው ከበባት።

በእነዚህ ሰዎች አልፈርድም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም፤ ልጆች ያሉበት መንገድ ላይ አረፋ የደፈቀ ውሻ ያየ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። (በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያጥበው፤ ከዚያ ምንም ሳይጠብቅ ጤና ተቋም ይሂድ። ይህን ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ እናገራለሁ።) ልጁ ግን ላይዋ ላይ ተደፋ። እማማ ካርዱን በፕላስቲኩ ከፍ አድርገው ይዘው ወጡ፤ «ስኳር ናት! ባለቤቴም እንዲህ ይጥላቸው ነበር፤ ታውቃላችሁ!» እያሉ። ጎረቤቶቻቸው ያውቁ ነበር። ዱላው ያልወረደባት በካርዱ ነው ወይስ በባለቤታቸው ትዝታ፣ ለይቼ መናገር አልችልም።

ልጁ ደውሎልኝ ነበር፤ በዚያ ጫጫታ የሰማሁት «ማር ልስጣት?» የሚለውን ብቻ ነው። ለሚንቀጠቀጥ እንስሳ አፍ ውስጥ ምንም አይንቆረቆርም፤ ወደ ሳምባ ይገባል። ማሩን በጣት ድዷና የከንፈሯ ውስጥ እንዲቀባ ነገርኩት። ደርሼ ስለካት 34 ነበር፤ ያውም ከማሩ በኋላ። የተበረዘ ዴክስትሮስ (የስኳር ፈሳሽ) በደም ሥሯ ቀስ ብዬ ሰጠኋት። በደቂቃዎች ውስጥ አንገቷን አነሳች፣ ልጁን አሸተተችው። ቆመው የሚያዩት ሰዎች ያን ጊዜ ነው ዱላቸውን የጣሉት። እብድ ውሻ በስኳር አይነሳም።

ማታ ሁለቱንም ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየሁ። አዲሱ ሲንከባለል ወተት መሰለ። አሮጌው ውስጥ ግን የማይሟሟ ነጭ ቅንጣት ተንሳፈፈ። ልጁ እያየኝ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ማቀዝቀዣው ይሞቅና መድኃኒቱ ይበላሻል ብሎ ውጭ መስኮቱ ላይ አሳድሮታል። ያ ሌሊት ውርጭ ነበር። ኢንሱሊኑ በረደ፣ ረጋ፣ ሞተ።

ልጁ አላጠፋም። እኔ የነገርኩት ከሙቀት እንዲጠብቀው ብቻ ነው፤ በመጽሐፍ የተማርኩትን ቆላም ደጋም ሳልለይ ደገምኩለት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ በተቀመጠች ከተማ፣ ከኅዳር እስከ ጥር የኢንሱሊን ጠላት ብርዱ ነው። የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይመለስም፤ ይጣላል። እኔ ደግሞ ኃይሉ የተሟጠጠውን መድኃኒት መጠን ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ ደኅናው ሲመጣ 8 ዩኒቱ እንደ መርዝ ሆነባት። መጠን ከመጨመር በፊት ብልቃጡን፣ መርፌውንና የሚወጋውን እጅ በዓይን ማየት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ለማንም በስልክ መጠን አልጨመርኩም። የተከፈተው ብልቃጥ ቤት ውስጥ የቁም ሳጥን መሳቢያ ውስጥ በሹራብ ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ አደረግን፤ የደብረ ብርሃን ክፍል ለተከፈተ ኢንሱሊን የሚከብድ ሙቀት የለውም። ወደ 5 ዩኒት ተመለስን። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ልጁ በቀይ ጻፈ፦ ካልበላች ግማሽ። ከተንገዳገደች ማር። መጀመሪያ ለካ።

የቀረው አንድ መንስኤ ነበር። ዳማ አልመከነችም፤ የስሪያ ወቅቷ መስከረም ላይ ነበር፤ ጥሙ የጀመራት ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። በሴት ውሻ ከስሪያ ወቅት በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ብትፀንስም ባትፀንስም፣ ከእንቁላል ማምረቻዋ የሚወጣው ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ከፍ ይላል፤ እሱ ደግሞ ከጡቷ የዕድገት ሆርሞን እንዲወጣ ያደርጋል፤ ይህ ሆርሞን ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያግደዋል። ቀጣዩ የስሪያ ወቅት ሲመጣ የያዝነው ሁሉ ይፈርስ ነበር። በ9 ዓመቷ፣ ስኳር ይዟት፣ ለማደንዘዝ ፈራሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መጥቶ የካቲት ላይ አብረን ማህፀኗንና እንቁላል ማምረቻዋን አወጣን፤ ጠዋት ከምትወስደው መጠን ግማሹን ብቻ ወስዳ፣ በየሰዓቱ እየለካን። አንዳንድ ውሻ ከዚህ በኋላ ኢንሱሊን ፈጽሞ ይተዋል። ዳማ አልተወችም፤ ግን 4 ዩኒት በቃት።

ወዲያው ጾም ገባ። ይህን አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። የዳማ ምግብ የቤቱ ትርፍራፊ ነው፤ ቤቱ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሽሮና እንጀራ ከበላ እሷም ያንኑ ነው። ሽሮው ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት የውሻ ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኢንሱሊን መጠኑ አንድ ሆኖ ምግቡ ሲለዋወጥ ቁጥሩ ይዋልላል። እማማ ለራሳቸው ጾሙን ይጾማሉ፤ ለዳማ ግን ከቅበላ በፊት ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ ቋንጣ አደረቁላት። በየቀኑ አንድ ዓይነት፣ በአንድ ጣሳ የተለካ የገብስ ቅንጬ፣ ከላዩ የተቀቀለ ቋንጣ። ቤታቸው ሥጋ ሲቀቀል የሸተተው እንግዳ ቢደነግጥ፣ «የዳማ መድኃኒት ነው» ይላሉ። የፋሲካ ዕለት ግን አንድ እንግዳ አዝኖላት የበግ ላት ወረወረላት። በማግስቱ አስመለሳት፤ ፊቷን መሬት አስነክታ ኋላዋን አንስታ ቆመች፤ ሆዷን ነክቼ ስጫናት ጮኸች። ስብ ቆሽቷን አስቆጥቶባት ነበር። አራት ቀን በደም ሥሯ ፈሳሽ እየተሰጣት ተኛች፤ ዳነች። ከዚያ ወዲያ ድግስ ሲኖር ዳማ ጓዳ ትዘጋለች።

ክረምቱ ሲገባ ዓይኗ ነጣ። የዓይን ሞራ ነው፤ ስኳር ከያዛቸው ውሾች አብዛኞቹን፣ ብዙ ጊዜም በዓመት ውስጥ፣ የሚይዝ። በሌንሱ ውስጥ ስኳሩ ወደ ሶርቢቶል ይለወጣል፤ ሶርቢቶል ውሃ ይስባል፤ ሌንሱ ያብጣል፣ ይነጣል። ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም ይመጣል፤ ለቤተሰቡ ይህን ከመጀመሪያው ብነግራቸው ኖሮ ልጁ በራሱ ላይ ያን ያህል ባልተቆጣ። «የት ጋ ተሳሳትኩ?» እያለ የደብተሩን ገጽ ሲያገላብጥ አይቼዋለሁ። ቀዶ ሕክምናው እዚህ አልነበረም። እማማ የግቢውን ነገር ሁሉ ባለበት አቆሙ፤ ባልዲው፣ የእንጨቱ ክምር፣ በርጩማው ቦታ አይለቅም። ዳማ በሁለት ሳምንት ግቢዋን በአፍንጫዋ ለመደችው። የሚገርመኝ፣ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ሲቃረብ የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ሲከፈት ሰምታ ራሷ መጥታ ጎኗን ትሰጥ ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ብዙ የሚጻፍ የለውም፤ ደኅና ዓመት ነበር። ሁለት ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዛት፤ ስኳር ያለበት ሽንት ለባክቴሪያ ይመቻል። መንገድ በተዘጋበት አንድ ሰሞን የመጠባበቂያው ብልቃጥ አተረፋት። ድካም ከነበረ የእማማ ነበር፤ 22 ወር ሙሉ ሌላ ቦታ አላደሩም። የእኅታቸው ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ ሲሆን ደርሶ መልስ ሄደው ማታ 12 ሳይሞላ ገቡ። ዘመድ «ለውሻ ብለሽ» ብሎ ተቀይሟቸዋል። ይህን ከሕክምናው ወጪ ለይቼ አላየውም። እንዲህ ያለውን መርፌ ከማዘዜ በፊት አሁን የምጠይቀው መጀመሪያ ይህንን ነው፤ ጠዋትና ማታ ቤት የሚኖረው ማነው፣ ሲደክመው የሚተካውስ?

በመጨረሻው ነሐሴ እንደገና መክሳት ጀመረች። ኩላሊቷ ደክሟል፤ ጀርባዋ ሳስቷል፤ ከተኛችበት ለመነሳት ሁለት ሦስት ጊዜ ትሞክራለች። መስከረም ሲጠባ እማማን ለብቻቸው አነጋገርኳቸው። ሥቃይዋን በማደንዘዣ ማሳረፍ እንደሚቻል፣ እንቅልፍ ወስዷት ሳታውቀው እንደምትሄድ ነገርኳቸው። እኔ ብሆን ይህን እመርጥ ነበር፤ ይህንንም አልሸሸግኩም። እሳቸው ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «የሰጣት ይውሰዳት። አንተ ሕመሟን አስታግስልኝ፤ ሌላውን ለሱ ተውለት» አሉኝ። ሁለተኛ አላነሳሁባቸውም። የሕመም ማስታገሻ ሰጠኋት፤ እሳት ዳር ፍራሽ ተነጠፈላት፤ ቁስል እንዳይወጣባት ልጁ ያገላብጣት ነበር።

ደብተሩን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ይህን የጻፍኩት እሱን እያየሁ ነው። ልጁ አሁን 12ኛ ክፍል ነው። መስከረም 14 ቀን ጠዋት በእጁ የጻፈው መጨረሻው ነው፦ «12 ሰዓት። 211። ቅንጬውን አልነካችም። 2 ዩኒት። ውሃ በጣቴ ሰጠኋት፣ ላሰች።»